የተሰፋ ቅል

ዛሬ ሮቢት ገበያ የተሰፋ ቅል ሳይ አያቴ ትዝ አሉኝ። ማሽላ እርሻችን ዳር ተቀምጠው የተሰነጠቀ ቅል በወስፌ ይሰፉ ነበር።

እኔ በመሠረተ ትምህርት ፊደል የለየሁበት ዓመት ነው፤ ሐኪሙ ስለ ታናሽ ወንድሜ ስለ ሰይድ የጻፈውን ወረቀት ደስ እያለኝ ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው።

«ልቡ ውስጥ ቀዳዳ አለ። የሚሰፋው ውጭ አገር ብቻ ነው።»

«ማሻአላህ፣ አንባቢዋ ልጄ!» አሉና ድንገት አጠገባቸው ወደተቀመጠው ሰይድ ዞሩ።

«ታዲያ አባባ፣ አንቱ አይሰፉለትም?»

ወስፌውን አስቀመጡ። ከንፈሩ የጠቆረውን ሰይድን አቅፈው ጆሯቸውን ደረቱ ላይ ለጠፉ።

«ሲያፈስ ይሰማኛል» አሉ። «ግን እጄ በየት ይግባ፣ ልጄ?»

ዛሬ የገበያዋ ሻጭ ቅሉን አቀበለችኝ። «ውሃ ሙዪበትና ሞክሪው እህቴ፣ ጠብ አይልም!»