የራዲያተር ገንፎ

ዳባት በሳይንስ መምህርነት በተመደብኩ በሁለተኛው ዓመት ደባርቅ ሽማግሌ ላክሁ። የልጅቱ አባት ቆዳ ነጋዴ ናቸው። «እሁድ ቅዳሴ ሲወጣ ሽማግሌዎችህ ይምጡ። ከሰዓት በኋላ ሌሎች ይመጣሉ። ደጄን ቀድሞ ለረገጠ መልስ እሰጣለሁ» ብለው ልከውብኝ ነበር። ሌሎቹ የሚባሉት የአንድ የግብርና ሠራተኛ ሽማግሌዎች እንደሆኑ ልጅቱ በጓደኛዋ በኩል አስነግራኛለች። ሰውየው ሞተር ብስክሌት ነበረው። እኔ የነበረኝ ጠመኔ ነው።

የነፍስ አባቴ በዋዜማው በበቅሎ ገብተን እንደር አሉኝ። መኪና እያለ በበቅሎ መሄድ ሳይንስን መናቅ ነው ብዬ በዝርዝር አስረዳኋቸው። አንድ የእህል ነጋዴ ፒክአፑን ከነሾፌሩ አዋሰኝ። ጠዋት ስንነሳ ሦስተኛው ሽማግሌ፣ የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር፣ ለድንገተኛ ስብሰባ ተጠርቶ ቀረ። በዚያ በደርግ ዘመን ለስብሰባ የተጠራን ሰው ማንም «ለምን?» አይለውም። ነፍስ አባቴና አከራዬ፣ ሁለቱ ሽማግሌዎች፣ ከሾፌሩ ጎን ተቀመጡ። እኔ ከኋላ በባዶ ጆንያዎች ላይ ሆንኩ።

አገሩን ለማያውቅ ሰው አንድ ነገር ላስረዳ። ሽማግሌ የላከ ሰው ራሱ አይታይም። ነውር ነው፤ በራሱ ጉዳይ ራሱ ዳኛ እንደመሆን ይቆጠራል። ስለዚህ ደባርቅ መግቢያ ላይ ወርጄ ሻይ ቤት ልቀመጥ ነበር ዕቅዴ።

ዳገቱን አጋምሰን ስንወጣ መኪናዋ እንደ ተናደደች ድመት «እፍፍ» አለች። ሾፌሩ ኮፈኑን ከፈተ።

«ጓድ መምህር፣ ውሃው አልቋል።»

«ጨምርበታ።»

«ጨመርኩበት። እሱም ወርዷል። ራዲያተሩ ተሸንቁሯል።»

ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ደባርቅ ውስጥ ቅዳሴው ሊወጣ ነው። ራዲያተር ለምን እንደሚያስፈልግ ለአከራዬ ማስረዳት ስጀምር ከበስተኋላችን የብረት መንኳኳት ተሰማ። ከኮሶዬ እስከ ደባርቅ ያለ ሾፌር ሁሉ የሚያውቀው መካኒክ በበቅሎው ላይ ሆኖ እየመጣ ነበር። የገበያና የበዓል ቀን መኪና ስለሚበዛና ስለሚበላሽ፣ እሱም በእነዚህ ቀኖች መንገዱን ይዞ ይሄዳል።

«ማንን ነው የምትጠብቁት?» አለ ሳይወርድ።

«አንተን» አለ ሾፌሩ። «ሽማግሌ ይዘን ደባርቅ ቆዳ ነጋዴው ቤት እየሄድን ነው።»

«እኔ ባልመጣስ? አዩ አባ፣ የመኪና በሽታ ይሄ ነው። ድሮ ሰው ደባርቅ ልሂድ ብሎ ሲያስብ ይነሳል። አሁን ሲያስብ ይቀመጣል።»

«ጋሼ፣ መኪና ባይኖር አንተ ምን ትበላለህ?» አልኩት።

«እስቲ ኃጢአት ባይኖር ምን ይበላሉ ብለህ አባን ጠይቃቸው።»

አባ ሳል ያዛቸው።

ከኮርቻው ጎን የተንጠለጠለውን ስልቻ አውርዶ መሬት ላይ ዘረገፈው። ካቻቢቴና ፒንሳ፣ የሚያነክስ ክሪክ፣ ሽቦ፣ ሰም፣ ወስፌ። አንድ ግማሽ ሳሙና ነበረበት፤ የነዳጅ ጋን ሲያፈስ ይለጠፋል። የበሬ ቆዳ ጠፍርም ነበር፤ የሞተሩ ቀበቶ፣ ቺንጋው፣ ሲበጠስ በእሱ ምትክ ይጠመጠማል። ከሥር በትንሽ አቁማዳ በሶ ይዟል።

«ይህስ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ምሳዬ። ለራዲያተርም መድኃኒት ነው፤ ሽንቁሩን ገብቶ ይደፍናል።»

ሐሳቡ ትክክል ነው። ዱቄቱ ከውሃው ጋር እየዞረ ቀዳዳው ላይ ይጠራቀማል። ግን የገብስ ዱቄት በፈላ ውሃ እንደሚወፍር አምስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። «አንድ እፍኝ ብቻ» አልኩት።

«አንተ የምታፈላው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ነው» ብሎ አቁማዳውን ራዲያተሩ ውስጥ ገለበጠው፤ ሾፌሩም ከጀሪካን ውሃ ሞላበት። «ለሽማግሌ መኪና አይሰሰትም።»

እሱን ያሳሰበው ግን ሌላ ነገር ነው። «ሁለት ናችሁ እንዴ? ሁለትማ የከብት ደላላ ነው። እኔ ሦስተኛ ልሁን።»

አባ እጁን አዩ። የእጁ ጥቁረት የዘይት ነው። በዚያው በጋን ሳሙናው ታጠበና የእኔን ጋቢ ተከናነበ።

«በል ጋሼ፣ ከኋላ ና» አልኩት።

«መኪና የሚጠግን ሰው መኪናው ውስጥ ከተቀመጠ፣ ሲበላሽ ማን ሊደርስለት ነው? በአቋራጩ እቀድማችኋለሁ። ደግሞ በቅሎዬ የምትበላው ገብስ ነው። ገብስ እንደ ቤንዚን ኩፖን የለውም።»

አከራዬ ዙሪያውን ቃኙ። «ዝም በል። ሰምተው እንዳያወጡለት።»

ከመለየቱ በፊት ሾፌሩን አዘዘው። «ከቆምክ በሶው ይረጋል። ደጃፋቸው ድረስ እንዳትቆም።»

ሾፌሩ ትእዛዝ አክባሪ ሰው ነው። ደባርቅ መግቢያ ስንደርስ የጋቢናውን ጣሪያ ደበደብኩ። «አቁም፣ ልውረድ!»

«አይቻልም ጓድ መምህር፣ ይረጋል።»

ሻይ ቤቱ አለፈን። ቅዳሴ አስቀድሰው የሚመለሱ ሰዎች ዳር ዳር ይዘው ያዩናል። ያለኝ ምርጫ ጆንያዎቹን መከናነብ ብቻ ነበር፤ ተከናነብኩ።

መኪናዋ ደጃፉ ላይ ደርሳ በራሷ ፈቃድ ቆመች። በጆንያው ቀዳዳ ሳይ መካኒኩ በቅሎውን አስሮ፣ ጋቢዬን አጣፍቶ፣ ከሁሉም የከበረ ሽማግሌ መስሎ ቆሟል። አባና አከራዬ ወርደው ከጎኑ ተሰለፉ። የልጅቱ አባት ወጡ። አባ ሰላምታውን ሲጀምሩ የራዲያተሩ ክዳን «ቷ» ብሎ ተስፈነጠረ። ወፍራም ነገር እየተንተከተከ በመኪናዋ አፍንጫ ላይ ወረደ። ሽታው ግቢውን ሞላው።

ሰውየው አሸተቱ። «ምንድን ነው ይሄ? ገንፎ?»

ገንፎ የአራስ ምግብ ነው። ልጅ ሊጠይቁ መጥተው ገንፎ ማሽተት ምን ማለት እንደሆነ የማይገባው ሰው በዚያ ግቢ አልነበረም። እኔም ገብቶኝ ጆንያውን ይበልጥ ወደ ራሴ ሳብኩ።

«ገና ልጄን ሳልሰጥ» አሉ ቀስ ብለው፣ «የአራስ ገንፎ ይዛችሁ መጣችሁ?»

«ኧረ የእኔ ጌታ» አለ መካኒኩ፣ «አራሷ መኪናዋ ናት። ከዳገቱ ጀምራ ስታምጥ ነው የመጣችው።»

ከቤት ውስጥ የሴቶች ሳቅ ተሰማ። ሰውየው ላለመሳቅ ጢማቸውን ያዙ። «ታዲያ ምን ተገላገለች?»

ይህን ጊዜ የጆንያው አቧራ አፍንጫዬ ገባ። አስነጠሰኝ። ጆንያው ከራሴ ላይ ወደቀ።

መካኒኩ ዞር ብሎ አየኝና «ወንድ» አለ።

ውስጥ እልልታ ቀለጠ። አባቷ ግንቡን ተደግፈው እስኪያነቡ ሳቁ። ሲበቃቸው ዓይናቸውን ጠርገው «ግቡ፣ ተቀመጡ» አሉ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አሉ አባ እንደ ደንቡ።

«ጉዳያችሁንማ ሰፈሩ ሁሉ አሸተተው። ሰጥቻለሁ፣ ግቡ። ግን በሠርጉ ቀን ልጄ በዚህች መኪና አትሄድም። አራስ ናት፣ ትረፍ።»

ከሰዓት በኋላ የመጡት ሽማግሌዎች መግቢያ አጥተው መኪናዋን እንድናነሳላቸው ጠየቁን። መካኒኩ አራስ አትነቃነቅም ብሎ መለሳቸው።

በሠርጋችን ሙሽራዋ የሄደችው በመካኒኩ በቅሎ ነው። ልጓሙን የያዘውም እሱ ነበር። ስልቻውን ግን አላወርድም ስላለ፣ ከዘፈኑ በላይ የሚሰማው የክሪኩ መንኳኳት ነበር። ዳገቱ ላይ ስንደርስ አንድ የጭነት መኪና ኮፈኑን ከፍቶ ቆሟል። ሚዜዎቼ እንዳላየን እንለፍ አሉ። መካኒኩ ልጓሙን ለእኔ አስይዞ ስልቻውን ፈታ፤ ሙሽራዬ በቅሎዋ ላይ እንደተቀመጠች ፀሐይ መታት፤ ዘፋኞቹም ደክሟቸው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ እጁን ወደ አቁማዳው ሲሰድ አየሁት።

«አንድ እፍኝ ብቻ» አልኩ ከሩቅ።

ሚስቴ ከበቅሎዋ ላይ ሆና በመሸፈኛዋ ስር ሳቀች።