ገዳይ ያልመጣበት ሽምግልና

እኔ ትምህርት ቤትን የማውቀው በአጥሩ ነው። አረብኛን ሱዳን ሰሊጥ ስሸከም፣ ዕብራይስጥን ደግሞ እስራኤል ለመሄድ ዓመታት ከጠበቁ ጎረቤቶቼ ለቃቀምኩ፤ ዛሬ ጎንደር ላይ ሁለቱንም እንደኔ የሚያቀላጥፍ ካለ ይምጣና ይግጠመኝ። ማኪናም አለችኝ። አንድ የሰላም ድርጅት ሾፌርና አስተርጓሚ ሲፈልግ በአንድ ሰው ሁለት ሰው አገኘ።

ድርጅቱ ልጆቻቸው የተገደሉባቸውን እስራኤላውያንና ፍልስጤማውያን እያገናኘ አብረው እንዲናገሩ ያደርጋል። የመጡት ሁለት አባቶች ናቸው። የእስራኤላዊው ሴት ልጅ አውቶብስ ውስጥ በፈንጂ ሞታለች፤ የፍልስጤማዊውን ወንድ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ወታደር ተኩሶ ገድሎታል። ለዓመታት ጎን ለጎን ቆመው በየአገሩ የተናገሩ ወዳጆች ነበሩ። በእነሱ አገር ከተነሣው ከአሁኑ ጦርነት ወዲህ ግን ስልክም አይደዋወሉም። ይዛቸው የመጣችው የድርጅቱ ሴትዮ፣ "ይሄ ጉዞ ካላስታረቃቸው በቃ፣ አበቃ" አለችኝ። በማግስቱ ተማሪዎች ፊት አብረው ሊናገሩ ቀጠሮ ተይዟል።

"ሰላም ፍለጋ እኛ ጋ መምጣታችሁ!" ብዬ ሳቅሁ። እኛው ራሳችን ተኩስ እየሰማን ነው ሻይ የምንጠጣው። እሷ አልሳቀችም።

ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ። "የእኛ ሰው እንዴት ደም እንደሚያደርቅ ላሳያችሁ" አልኩ። ከአዘዞ ወጣ ብሎ ስንቱን ባለደም ያስታረቁ ሽማግሌ አውቃለሁ። ደወልኩላቸውና "አያ፣ ደመኞች ይዤ እመጣለሁ" አልኳቸው። ለማየት ብቻ እንደሚመጡ አልነገርኳቸውም። ረሳሁ እንዳልል፣ እንደዚያ ስል ነገሩ ስለገዘፈልኝ ነው።

ስንደርስ ሽማግሌው ግቢያቸው ካለው ወይራ ስር ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። ፊታቸው ድንጋይ አስቀምጠዋል። በእኛ ወግ ገዳይ ወገን ድንጋይ ተሸክሞ መጥቶ የሟች ወገን እግር ላይ ይወድቃል። ይህን በሁለት ቋንቋ እያሳመርኩ ስተርክ ሁለቱም ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ደስ አለኝ።

ሽማግሌው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣ "ገዳይ ወገን የትኛው ነው? ድንጋዩን ያንሳ" አሉ።

የኔ አፍ መች ይቆማል! በዕብራይስጥም በአረብኛም አቀላጥፌ አደረስኩት።

ፍልስጤማዊው ድንጋዩን አየ፤ ከዚያ ጓደኛውን አየ።

"ምን ታየኛለህ?" አለ እስራኤላዊው። "ልጅህን እኔ ገደልኩት?"

"ትልቁ ልጅህ አሁን የት ነው? የወታደር ዩኒፎርም ለብሶ አይደለም?"

"የኔን ልጅ ለገደለውስ ድንጋዩን ማን ይሸከምልኝ? አንተ?"

"ምነው ይጯጯሃሉ?" አሉ ሽማግሌው። ነገርኳቸው። እጃቸውን ድንጋዩ ላይ አሳረፉ።

"ሁለቱም እኮ የሟች ወገን ናቸው። ገዳዮቹ የታሉ?"

"አልመጡም፣ አያ።"

"ደሙስ ቆሟል?"

"አልቆመም።"

"ታዲያ ምን አስታርቅ ብለህ ነው? ሐዘንተኛን ከሐዘንተኛ አላስታርቅም።" ተነሡና ሁለቱንም በየተራ እጃቸውን ይዘው "እግዜር ያጥናህ" ብለዋቸው ገቡ።

ይህን እንኳ ብውጠው ምን ነበረበት? አልዋጥኩትም፤ ተረጎምኩት።

ስንመለስ ፍልስጤማዊው ከኋላ ወንበር፣ "ሽማግሌው ልክ ናቸው። ይሄን ሁሉ ዓመት ካልበደለኝ ሰው ጋር ስታረቅ ኖርኩ" አለ። እስራኤላዊው ምን እንዳለ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ፒያሳ እስክንደርስ ፊቱን ከመስኮቱ አልመለሰም።

የተማሪዎቹ ቀጠሮ ቀረ። ጠዋት ፍልስጤማዊውን አውሮፕላን ማረፊያ የወሰድኩት ብቻውን ነው። እስራኤላዊው ከክፍሉ አልወረደም። ሴትዮዋ ሆቴሉ በር ላይ ቆማ ታለቅስ ነበር፤ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር፤ አልሰደበችኝም።

መንገድ ላይ ፍልስጤማዊው፣ "ገዳዩ አልመጣም ካለ እናንተ ምን ታደርጋላችሁ?" አለኝ።

"ሽማግሌዎች ደጁ ሄደው ይቀመጣሉ።"

"ተኩሶ ቢያባርራቸውስ?"

አውሮፕላን ማረፊያው ደርሰን ነበር። ማኪናውን አቁሜ ቦርሳውን አወረድኩለት።