የሚለቀቅ ጨርቅ

ኢያቄም ፊቱን የማይፈታ ሰው ነው። ስሙን እያጠፋሁ አይደለም፤ ከሱቄ ባንኮኒ ሆኜ በየቀኑ የማየውን ነው የምናገረው። ካዛንቺስ ውስጥ ለውስጥ፣ መንገዱ ሲሰፋ ሳይፈርሱ ከቀሩት ቤቶች በአንዱ ሦስት በሮች ተደርድረን እንሠራለን፤ የእኔ ሱቅ፣ ከዚያ የእሱ ልብስ ስፌት፣ ከዚያ የራሕዋ ጁስ ቤት። "ደህና አደርክ?" ሲባል "ምን እንድሆን ፈልገሽ ነው?" የሚል ጎረቤት ገጥሟችሁ ያውቃል? እኔን ገጥሞኛል።

ደንበኛ ግን አያጣም፤ አይዋሽማ። ሌላው ሰፊ "ወይ ሲያምርብህ!" ብሎ ይሸኛል። ኢያቄም ሰውየውን ከእግር እስከ ራሱ ያየውና "ይሄ ቀለም አይሆንህም፣ በሽተኛ አስመሰለህ" ይለዋል። ሰውየው ተቆጥቶ ይወጣና በሳምንቱ ሌላ ጨርቅ ይዞ ይመለሳል። ደግሞ አንድ ልማድ አለው። ኮት ሲሰፋ ከስፌቱ ውስጥ ሰፋ ያለ ትርፍ ጨርቅ ይተዋል። "ሰው ይወፍራል" ይላል፣ ወንጀል የሚያወራ ይመስል። የራሕዋ አባት አቶ ገብረዋህድ ጡረታ ወጥተው ሆዳቸው ሲገፋ፣ ያንኑ የድሮ ኮታቸውን እየደጋገመ የለቀቀላቸው እሱ ነው። "የማምነው አንድ ሰው ቢኖር ያ ኩርፍተኛ ልብስ ሰፊ ነው" ይላሉ እሳቸው።

ራሕዋን ደግሞ እግዜር የፈጠራት ደስ ብሎት በዋለበት ቀን መሆን አለበት። ለታክሲ ረዳቱም፣ ለደንብ አስከባሪውም፣ መንገድ ላይ ለተኛው ውሻም ትስቃለች። የጁስ መፍጫዋን ስታስነሳ የኢያቄም ግድግዳ ይንቀጠቀጣል፤ እሱም በመቀሱ እጀታ ይደበድበዋል።

"ራሕዋ! መርፌዬ ወደቀች እኮ!"

"አንሳታ! ማለቴ፣ ጎንበስ ማለት ለወገብ ጥሩ ነው!"

ከዚያ አንድ ብርጭቆ ስፕሪስ፣ አቮካዶውን ከታች ማንጎውን ከላይ አድርጋ ትወስድለታለች። "ማን አዘዘሽ?" ይላታል። ግን ይጠጣዋል። ከዚያ ብርጭቆውን አጥቦ፣ በንጹሕ ጨርቅ አድርቆ ይመልሳል። ይህን ሁሉ ዘመን በሱቅ ስኖር ብርጭቆ አጥቦ የሚመልስ ወንድ ያየሁት እሱን ብቻ ነው። እንደሚወዳት የገባኝም በዚያ ነው።

"እትዬ ስመኝ፣ ይሄ ሰውዬ ይጠላኛል እንዴ?" አለችኝ አንድ ቀን።

"ቢጠላሽ ብርጭቆሽን ያጥብልሽ ነበር?"

ሳቀች። ከዚያ ፊቷ ቀላ፣ ዓይኗንም መሬት ላይ ጣለች። እሷም እንደዚያው ኖሯል! በቃ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ። እሱ አፉ አይፈታም፤ እሷ ደግሞ ለሁሉም ስለምትስቅ ለእሱ የምትስቀው የተለየ መሆኑን ከእኔ በቀር የሚያውቅላት የለም። ከቢሮው እየመጣ በየምሳ ሰዓቱ ጁስ የሚጠጣው ዮሃንስ የሚባለው የሒሳብ ሠራተኛ እንኳን ለእሱ ብቻ የምትስቅ ይመስለው ነበር።

ፋሲካ ሲቃረብ ኢያቄም ጁስ ቤቱ በር ላይ ቆመ። ገብቶ አያውቅም። ጉሮሮውን ጠረገና "አባትሽ ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ ባለው እሁድ ቤት ይውላሉ?" አላት።

"ይውላሉ። ምነው?"

"እንዲያው ነው" ብሎ ተመለሰ።

በዚያው ማታ ለአቶ ገብረዋህድ ስልክ ተደወለ፤ ከካዛንቺስ ሽማግሌዎች ስለ ልጅዎ እንመጣለን ተባሉ። ራሕዋ በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት ደርሳ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። "ላከ! እትዬ ስመኝ፣ ማርያምን፣ ሽማግሌ ላከ!" እኔም እልልታዬን መቆጣጠር አቅቶኝ አፌን በነጠላዬ ያዝኩ።

እሁድ ላንቻ፣ ወላጆቿ ቤት ሄድኩ። እናቷን ወይዘሮ ትበርህን ወጥ ቤት ላግዝ ነው ያልኩት፤ እውነቱን ለመናገር የሄድኩት ለማየት ነው። ራሕዋ አዲስ ቀሚሷን ለብሳ ከእኔ ጋር ከመጋረጃው ጀርባ ቆማለች፤ እጄን ይዛ ጣቶቼን ልትሰብራቸው ነው። በሩ ተንኳኳ። መጀመሪያ አቶ ካሳይ ገቡ፣ የሰፈራችን አንጋፋ ሽማግሌ። ቀጥሎ አንድ ሌላ አዛውንት። ሦስተኛው ኢያቄም ነበር።

ራሕዋ እጄን ለቀቀችው። አግቢው ከራሱ ሽማግሌዎች ጋር አይመጣም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ኢያቄም ከመጣ የመጣው ለሌላ ሰው ነው። ያ ሁልጊዜ የሚስቅ ፊት እንዲያ ሲጠፋ አየሁ። ወጥቼ በጥፊ ባልኩት ደስ ይለኝ ነበር።

"ተቀመጡ እንጂ" አሉ አቶ ገብረዋህድ።

"አንቀመጥም" አሉ አቶ ካሳይ። የድሮ ሰው ናቸው፤ እሺ ሳይባሉ ወንበር አይነኩም። "ልጅዎን ለልጃችን ለዮሃንስ ልንለምን ነው የመጣነው።"

ለካ ነገሩ እንዲህ ነበር። ዮሃንስ ሳቋን እንደ እሺታ ቆጥሮት፣ ልጅቷን አንዲት ቃል ሳይጠይቅ ሽማግሌ ላከ። አባቷ ኢያቄምን እንደሚያምኑት ስለሰማም እግሩ ላይ ወድቆ አብረህ ሂድልኝ አለው። ሽማግሌ ሁን የተባለ ሰው እምቢ ቢል በሰው ትዳር ላይ በር እንደዘጋ ይቆጠርበታል። ኢያቄም ደግሞ ሁለቱ ሲሳሳቁ በየቀኑ ይሰማልና ተስማምተዋል ብሎ ነው እሺ ያለው፤ እያረረ።

አቶ ገብረዋህድ ወደ እሱ ዞሩ። "ኢያቄም፣ አንተ ውሸት አታውቅም። ልጁ ምን ዓይነት ነው?"

"ጨዋ ነው። አይጠጣም፣ ሥራውን አክባሪ ነው። እናቱን ይጦራል።"

"እንከን የለበትም?"

"እኔ አላየሁበትም።"

"እንግዲያው ልጄን ልስጠው?"

 በግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል ከመጋረጃው ጀርባ ይታየኛል።

"ጨርቁ ጥሩ ነው፣ አቶ ገብረዋህድ" አለ በመጨረሻ። "ግን ለእሷ አልተቆረጠም።"

"በስመ አብ!" አሉ አቶ ካሳይ። "አንተ ሰው፣ የማን ሽማግሌ ሆነህ ነው የመጣኸው?"

አቶ ገብረዋህድ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኟቸው። "ታዲያ ለእሷ የተቆረጠው ማን ነው?"

ኢያቄም እግሩ ሥር ያለውን ምንጣፍ አየ። "እሱን ለመናገር እኔም ሽማግሌ መላክ አለብኝ።"

 ከዚያ ራሕዋ ሳቀች። ያ ግድግዳ አልፎ የሚሰማው ሳቋ ከነእንባው ፈነዳ፣ መጋረጃውም ምኑም አልያዘው። "ጓለይ!" አሉ ወይዘሮ ትበርህ ደንግጠው፤ ልጄ ማለታቸው ነው።

አባቷ ጠርተው ስለ ዮሃንስ ጠየቋት። "ጨዋ ልጅ ነው፣ አቦይ፤ ግን እንዲህ ያለ ነገር አንድም ቀን አውርተን አናውቅም" አለች። ሽማግሌዎቹ ሳይቀመጡ ወጡ።

ኢያቄም በቀጥታ ወደ ዮሃንስ ሄዶ የሆነውን ሁሉ በራሱ አፍ ነገረው። ዮሃንስ በንዴት ጦፎ ሰነበተ፤ አይፈረድበትም። ከሰኔው ዝናብ ጋር ግን ብቅ አለ። ስፕሪሱን አዘዘና ልብስ ስፌቱ በር ላይ ቆሞ "ልቧ ግድግዳውን ተሻግሮ ከአንተ ጋ የተቀመጠ ሚስት ምን ታደርግልኛለች? በል፣ ለሰርግህ የምለብሰውን ኮት አንተው ትሰፋልኛለህ" አለው። ያን ልጅ ያን ቀን በጣም ወደድኩት።

አቶ ካሳይ ናቸው ያስቸገሩት። "ሰው ፊት አዋርደኸኝ አሁን ደግሞ ልቁምልህ?" አሉት። ስንት አማላጅ ተልኮባቸው እሺ አሉ።

ሽማግሌዎቹ ለኢያቄም ሊለምኑ በሄዱበት እሁድ እኔ ከእሱ ጋር ልብስ ስፌቱ ውስጥ ቀረሁ፤ ብቻውን ብተወው ራሱን የሚስት መስሎኝ። ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል። አንዲት ሱሪ ይሰፋል፣ ይፈታል፣ መልሶ ይሰፋል። ራሕዋ ቤተሰቦቿ ጋ ስለሆነች መፍጫው ዝም ብሏል፤ እሱ ደግሞ በየመሀሉ ግድግዳውን ያያል።

ስልኩ ጮኸ። እጁ በሱሪው ስለተያዘ ድምፁን ከፍ አድርጌ ያዝኩለት።

"ኢያቄም" አሉ አቶ ገብረዋህድ። "ሽማግሌዎችህ ፊቴ ቆመዋል። ደግ ነው፣ ባለሙያ ነው ይሉኛል። እኔ ደግሞ ስለ ሰው ስጠይቅ የማምነው አንተን ነው፤ ስለዚህ አንተኑ ልጠይቅ። ልጄ ሳቂታ ናት፣ አንተ ኩርፍተኛ ነህ። ትሆናታለህ?"

 ይህ ሰው ለማንም ዋሽቶ አያውቅም። ለራሱማ እንዴት ይዋሽ? አዎ በል፣ አንተ ድንጋይ፣ አንዴ ብቻ አዎ በል እያልኩ በዓይኔ ለመንኩት።

"ጠባብ ነኝ፣ አቶ ገብረዋህድ" አለ። "ለእሷ በጣም ጠባብ ነኝ።"

ዓይኔን ጨፈንኩ።

"ግን ውስጤ የሚለቀቅ ጨርቅ አለ" አለ። "ብዙ ነው። እስከ ዛሬ የለቀቀው ሰው ስላልነበረ ነው።"

ከወዲያ የራሕዋ ለቅሶ ይሁን ሳቅ ያልለየለት ድምፅ ብቻ ከሩቅ ይሰማል። አቶ ገብረዋህድ አፍንጫቸውን ተናፈጡ።

"ትበርህ" አሉ። "ለሽማግሌዎቹ ወንበር አምጪ።"

ኢያቄምም ይህን ሲሰማ ሱሪውን እንደያዘ ጨርቅ ክምሩ ላይ ቁጭ አለ።