ሀስናና ቀለም እምቢ ያለው መስኮት

ሀስና የራያ፣ የዋጃ ልጅ ናት። ቆቦ ባለው የመስኖ ማኅበራችን የኮምፒውተር ባለሙያ ነበረች፤ እኔ ደጀን ደግሞ የፓምፕ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ። እንደሷ ያለ እልኸኛ አላየሁም! አንድ ነገር እምቢ ካላት ምሳ አትበላ፣ ሰላምታ አትመልስ። ስንቴ ተጣልተን ስንቴ ታረቅን መሰላችሁ።

በ2003 ዓ.ም. የጉድጓዶቹን ውሃ የሚከታተል ኮምፒውተር መጣልን። ዩኒክስ ይሉታል፤ ሥዕል የለ፣ ምን የለ፣ ጥቁር መስኮት ላይ ነጭ ጽሑፍ ብቻ። ለየጉድጓዱ አንድ መስመር አለው። የአንዱ ውሃ ካነሰ ፓምፑን ቶሎ ማጥፋት ነው፤ አለዚያ ይቃጠላል። ማጥፊያዎቹ በመስመሮቹ ቅደም ተከተል ከኮምፒውተሩ ጎን ተደርድረዋል። የሚያጠፉት ጋሽ ታሂር ናቸው፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ፓምፕ ሲጠብቁ የኖሩ፣ ግን ፊደል ያልቆጠሩ። ሥራ አስኪያጃችን እሱባለው "እስከ ዓርብ ስክሪኑን መከታተል ካልቻሉ የሚያነብ ሰው እቀጥራለሁ" አለ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ፓምፕ ውድ ነው።

"መስመሩ ቀለም ቢቀይርላቸው ይበቃል" አለች ሀስና። ለአደጋ ቀይ፣ ለደህናው አረንጓዴ ብላ ፕሮግራሙ ላይ ጻፈች። መስኮቱ ወይ ፍንክች! ያው ነጭ። እኔ "ስክሪኑ ተበላሽቶ ይሆናል" ስላት "አንተ ሂድና ገመድህን ቀጥል!" ብላ አባረረችኝ። ኋላ ላይ ጉዱ ተገኘ፤ ማሽኑ መስኮቱን ቀለም እንደማያውቅ አሮጌ ዓይነት ይቆጥረው ኖሯል። ተርም የሚባለውን ቅንብር ቀለም ወደሚያውቀው ዓይነት ለወጠችውና መስኮቱ አረንጓዴ በአረንጓዴ ሆነ። በእልልታ ቢሮውን አናወጠችው።

ዓርብ ጠዋት እሱባለው ሊያይ መጣ። ቀይ አደጋ መሆኑን ማን ያጣዋል ብላ፣ ሀስና ለጋሽ ታሂር ምንም አልነገረቻቸውም። ለሙከራ አንዱን መስመር አቀላችው። ጋሽ ታሂር ብድግ አሉ፤ ፊታቸው በራ።

"አልሃምዱሊላህ! ውሃው መጣ!" ብለው እጃቸውን ለዱዓ ዘረጉ። ማጥፊያውን አልነኩም።

"ይኸው! አላልኳችሁም?" አለ እሱባለው።

እኔ ተናደድኩ፤ በማን እንደሆነ አላውቅም። ሀስና ግን ግንባሯን መታች። ራያ ላይ ቀይ ውሃ ማለት ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ነው እኮ! እሱን ጠልፈን ወደ እርሻ አስገብተን አይደል ማሽላ የምናበቅለው? ቀይ ሲመጣ አካፋ ይዘን በደስታ እንሮጣለን እንጂ ማን ይዘጋል?

"የዋጃ ልጅ ሆኜ ይህ ይጥፋኝ!" አለች። ከዚያ ዞር ብላ "ጋሽ ታሂር፣ ውሃ ሲጠፋ መሬቱ ምን ይመስላል?"

"ይነጣላ!"

ቁጭ ብላ ገለበጠችው፤ ውሃ ሲሞላ ቀይ፣ ሲያንስ ነጭ።

"አደጋ በነጭ?" አለ እሱባለው።

"ለሚያጠፉት ሰው ነው የሠራሁት" አለችው፣ ቀና ብላም ሳታየው።

ከዚያ ለሙከራ ሌላ መስመር አነጣች። እጇን ከኪቦርዱ ሳታነሳ ጋሽ ታሂር የዚያን ጉድጓድ ማጥፊያ ቀጭ አደረጉት። እሱባለው ሳቀ። "በቃ፣ ሰው አልቀጥርም። ሥራው የእርስዎ ነው" አላቸው።

እኔ ላቅፋቸው ስነሳ እሳቸው ወንበራቸው ላይ ዘፍ አሉ።

"አልችለውም ብዬ ለባለቤቴ ለሙሚና ትናንት አባረሩኝ ብያታለሁ" አሉ። "ስታለቅስ ነው ያደረችው። አሁን ምን ልበላት?"

ሀስና እንባዋ እየወረደ ስልኳን በእጃቸው አስያዘቻቸው።