ከሰለሞን ጀልባዎች ኋላ የተሰለፈው ድምፄ

ከደብረ ብርሃን የወጣሁ ሌሊት ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ሚኒባሱ ደጅ ላይ ቆሞ ጡሩምባውን ይነፋል፣ እናቴ ግን የተዘጋውን ሻንጣዬን እንደገና ከፍታ በእጇ የሠራችውን ነጭ ዳንቴል ልብሶቼ መሐል ትጠቀጥቃለች። «እማዬ፣ ጁባ እኮ ሙቀት ነው፣ ምን ላድርገው?» ስላት «ለአንቺ አይደለም፣ ለዕቃሽ ነው። ዕቃው ራቁቱን የተቀመጠበት ቤት ቤት አይባልም» አለችኝ። ታናሽ እህቴ መቅደስ ያኔ ገና ተማሪ ነበረች፤ አንገቴ ላይ ተጠምጥማ አልለቅም አለች። አባታችን ከሞተ ወዲህ ያሳደግኳት እኔ ነኝ፣ የተሰደድኩትም ለእሷ ብዬ ነው። «ሁለት ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» ብያቸው ወጣሁ። ሁለት ዓመት! እናንተዬ፣ መቅደስ ይኸው ባል ልታገባ ነው፣ እኔም ይኸው እዚሁ ነኝ።

ጁባ በገባሁ ሰሞን የገዛሁት ቅቤ እስከ ማታ ዘይት ሆኖ ጠበቀኝ። እኛ አገር ቅቤ ለቢላ እንኳ እሺ አይልም! ሰላምታቸው ግን የእኛው ነው፤ «ኢታ ከፍ?» ብሎ የጀመረሽ ሰው ስለ ቤተሰብሽ በሙሉ ሳይጠይቅ አይለቅሽም። ሃይ ማላካል በሚባል ሰፈር ትንሽ ምግብ ቤት ከፈትኩ፣ ከጀርባዋ ባለች ክፍል እኖራለሁ። ኢንተርኔት ያስገባሁ ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ራውተሩን ከብርጭቆዎቼ ጋር ቡፌ ውስጥ አስቀምጬ የእናቴን ዳንቴል አለበስኩት። ኮዱን ደግሞ ለበላውም ለጠጣውም ሰጠሁ። እንግዳ ዋይፋይ ጠይቆሽ አይሆንም ማለት ውሃ እንደ መከልከል ነው መቼም።

ጠዋት ጠዋት ኢንተርኔቴ ይበር ነበር። ደንበኛ ሲሞላ፣ እራት ሰዓት ላይ ግን ይሞታል። እኔ የወዲያኛውን ሰው ደህና አድርጌ እሰማዋለሁ፣ የእኔ መልስ ነው የማይደርሰው። እውነቱን ልንገራችሁና ይኼ ነገር አንዳንዴ ይጠቅመኝ ነበር። እናቴ «መቼ ነው የምትመጪው?» ስትለኝ «ኔትወርኩ ነው እማዬ፣ አልሰማሁሽም» እላለሁ።

የመቅደስ ሽማግሌዎች እሑድ አመሻሽ ላይ መጡ። አጎታችን ጋሽ ደምሴ «ልጅቷን ያሳደገቻት ፀሐይ ናት፤ የእሷን ቃል ሳልሰማ እሺ አልልም» ብሎ በቪዲዮ ደወለልኝ። ሽማግሌዎቹ ጋቢያቸውን እንደለበሱ ቆመው ይታዩኛል። «ልጃችሁን ለልጃችን ብለን መጥተናል» አሉ። ጋሽ ደምሴ «ፀሐይ፣ ምን ትያለሽ?» አለኝ። እኔ «ደስ ይለኛል! እግዚአብሔር ይባርክላቸው!» ብዬ ጮህኩ። እነሱ ዝም ብለው ያዩኛል። ደግሜ ጮህኩ። ለካ እነሱ ዘንድ አፍጥጬ የተቀመጥኩ፣ የማልናገር ሴት ነኝ! ሽማግሌ ፊት ዝም ማለት እምቢ ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። እርስ በርስ ተያዩ። ጋሽ ደምሴም ግራ ገብቶት «ትንሽ ታስብበት፣ የሚመጣው እሑድ ተመለሱ» አላቸው። ድምፄ ቃሉ ሳይለይ ተቆራርጦ የደረሰው ጀርባቸውን ከሰጡ በኋላ ነው።

መቅደስ እያለቀሰች ደወለች። «እትዬ፣ ካልወደድሽው ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም? እናቱ እኮ ‹ጁባ ያለችው ንቃናለች› ብላለች! አሁንም ዝም ካልሻቸው ሦስተኛ አይመጡም።»

በማግስቱ የኢንተርኔቱ ቢሮ ደወልኩ።

«ማዳም፣ እዚህ ሲታይ መስመርሽ ጤነኛ ነው።»

«ጤነኛ ከሆነ ማታ ማታ ለምን ይታመማል?»

«አጥፍተሽ አብርተሽዋል?»

«አጥፍቼ ሳበራው ማብሪያው ሊነቀል ነው!»

«እንግዲያው ጠዋት ቴክኒሻን እንልካለን።»

«የሚያመው ማታ ነው እያልኩህ!»

«ማታ ቢሮ ዝግ ነው፣ ማዳም።»

ቴክኒሻኑ ጋትሉዋክ ይባላል፤ የዚሁ አገር ልጅ ሆኖ አዲስ አበባ ያደገ፣ በአማርኛ እኔን የሚያስንቅ። ከቦዳቦዳው ሞተር ብስክሌት እንደወረደ ቡፌውን አየና ሳቀብኝ። «እህቴ፣ ይኼ ዕቃ እኮ ይግላል! ጋቢ አልብሰሽ ቁም ሣጥን ውስጥ ቆለፍሽበት?» የእናቴን እጅ ሥራ ገፎ ሲሰጠኝ ከፋኝ፣ ግን አጣጥፌ ያዝኩት። ራውተሩን ግልጥ ያለ መደርደሪያ ላይ ሰቀለና ለካው። «ኩሉ ከዌስ! ሁሉም ደህና ነው፣ ይበራል!» ብሎ ሄደ። ማታ እንደገና ሞተ።

መልሼ ደወልኩለት። «ማታ ለሥራ አልወጣም» አለኝ።

«ለሥራ ማን ጠራህ? ለእራት ና። ዶሮ ሠርቻለሁ።»

«ዶሮ ካለማ ማፊ ሙሽኪላ፣ ችግር የለም።»

መጣ! ላፕቶፑንም ይዞ መጣ! ዶሮውን ከጨረሰ በኋላ በገመድ ከራውተሩ ጋር አገናኝቶ፣ ትንሽ መልእክት ልኮ እስኪመለስ የፈጀውን ጊዜ ይለካ ጀመር። ቁጥሩ ሰማይ ነክቷል። ወንበር ላይ ቆሜ «ጎረቤቶቼ፣ እህቴን ልድርበት፣ ሁላችሁም ዋይፋያችሁን አጥፉልኝ!» አልኩ። ሳቁብኝ፣ ግን አጠፉ። ቁጥሩ ዱብ አለ! ከዚያ አንድ ባንድ እያስከፈትን ቁጥሩን እናያለን። ምንም የለም፣ ምንም የለም። ጥግ ላይ ሽሮውን የሚበላው ሰለሞን ሲከፍት ቁጥሩ ተተኮሰ። ቤቱ በሙሉ «ኦኦኦ!» አለ።

ሰለሞን የናይል ወንዝ ወደብ ላይ ጭነት ተቆጣጣሪ ነው፣ የአገሬ ልጅ። «እኔ? እኔ እኮ ኢንተርኔት አልነካሁም! ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነው!» ብሎ ማለ። ጋትሉዋክ ስልኩን ተቀብሎ አሳየን። ሰለሞን ቀኑን ሙሉ እያንዳንዱን ጀልባ ከነጭነቱ በቪዲዮ ይቀርፃል፤ ስልኩ ደግሞ የእኔን ዋይፋይ ባገኘ ቁጥር ሳይጠይቀው ሁሉንም ወደ ቢሮው ይልካል።

«ወደ አንቺ የሚመጣው መንገድ ሰፊ ነው፣ የሚወጣው ግን ጠባብ» አለኝ ጋትሉዋክ። «ጀልባዎቹ ጠባቡ ላይ ተሰልፈዋል፣ ያንቺ ድምፅ ከኋላቸው ቆሟል። ማታ ከተማው ሁሉ ስለሚጠቀም ትንሽ መዘግየቱ አይቀርም፤ ይኼኛው ግን የቤትሽ ጣጣ ነው። ኮዱን ቀይሪና ለማንም አትስጪ።»

«ለማንም? ደንበኞቼን ምን ብዬ? ከቤቴ ውጡ ልበላቸው?»

ጭንቅላቱን አከከና ለእንግዶች ብቻ ሌላ ዋይፋይ ከፈተልኝ፤ የሚልኩት እንዳይበዛም ልክ አበጀለት። የራሴን በሌላ ኮድ ለየልኝ። ለእንግዳ ሌላ ድስት የጣድኩ መስሎኝ አፈርኩ። ሰለሞን ግን ከእኔ ብሶ አፍሮ «ጀልባዎቼን ጠዋት ሻይ ስጠጣ እልካቸዋለሁ» አለ። ማታውኑ ለመቅደስ ደወልኩ። «እትዬ፣ አጠገቤ ያለሽ መሰለኝ!» ብላ ስትጮህ ምግብ ቤቱ ውስጥ ዘለልኩ።

እሑድ ደረሰ። ቤቴ ጢም ብሎ ሞልቷል። ሰለሞን ስልኩን ጭራሽ አጥፍቶ ሁሉም እንዲያየው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው። ሽማግሌዎቹ ቆመዋል። ጋሽ ደምሴ ጉሮሮውን ጠርጎ «ፀሐይ፣ ምን ትያለሽ?» አለ።

«ደስ ይለኛል! ስላስቸገርኳችሁም ይቅርታ፣ ተቀመጡልኝ!»

ቃሌ ከአፌ ሳይወጣ ተቀመጡ! አንደኛው ሽማግሌ «ድምፅሽ እንዲህ ጥሩ ሆኖ ነው ያን ቀን የከለከልሽን?» ብለው ሳቁ። እዚያ እልል አሉ፣ እዚህም ደንበኞቼ እልል አሉ፣ እልልታችን አንድ ላይ ገጠመ። መቅደስ በሩ ጥግ ሆና ፊቷን በነጠላዋ ሸፍናለች። እኔም አለቀስኩ፣ ምን ይደብቀዋል።

እናቴ ስልኩን ከጋሽ ደምሴ ቀማች። ፊቷ ስክሪኑን ሞላው፤ አርጅታለች። «ፀሐይዬ፣ ለሠርጉ ትመጫለሽ አይደል? መቼ ነው የምትመጪው?» አለችኝ።

ምግብ ቤቷን ለማን ጥዬ? ከዘጋኋትስ መልሼ በምን እከፍታታለሁ? እመጣለሁ ብዬ ብቀርስ? እናቴ ዓይኗን ሳትነቅል ትጠብቀኛለች። ሰለሞንም አንገቱን አቀርቅሮ ያጠፋውን ስልኩን ያያል።

«ፀሐይ? ተቋረጠ እንዴ?»

«ኧረ አልተቋረጠም፣ እማዬ» አልኳት። «እሰማሻለሁ።»