የኦቶማ ጀርባ ያረፈበት ማሰሮ

የአክስቴን የሱናሪን ምላስ የወንዛችን ሰው ሁሉ ይፈራል፣ ማሰሮዋን ግን ይመኛል። ጭቃ ስትረግጥ እንኳ ትሳደባለች። ጭቃው ስድብ ካልሰማ አይጠነክርም ባይ ናት።

ያን ዓመት ግን ስድቧም ቀንሶ ነበር፤ ጨንቋት። እናቷ ካሩሚ ጥርሶቿን ጨርሳለች፤ እኛ ደግሞ ዓሣ የምንበላው ጠብሰን ወይም በጢስ አድርቀን ነው። ያለፈውን የበረዶ ወራት ሱናሪ እያኘከች አጎረሰቻት። አሮጊቷ ታዲያ ምስጋና አታውቅም።

“ጣዕሙን አንቺ ትውጪና ገለባውን ለእኔ!” ትላታለች።

“እናቴ፣ መንጋጋዬ እኮ ሊወልቅ ነው!”

“ይውለቅ። የእኔም ወልቋል።”

እውነትም የሱናሪ መንጋጋ ማበጥ ጀምሮ ነበር። በረዶው ሳይወርድ ዓሣ እስኪሟሟ የሚቀቀልበት አንድ ትልቅ ማሰሮ ካልወጣላት እናቷ በረሃብ ትሞትባታለች። ይህን ሁላችንም እናውቅ ነበር።

ማሰሮ በእኛ ዘንድ ባለቤቱ የሚታወቀው በገመድ ነው። ጭቃው ሳይደርቅ ገላው ላይ ገመድ ይንከባለልበታል፤ ሰው ሁሉ በራሱ አገማመድ ስለሚገምድ የማን እንደሆነ ሕፃን እንኳ ይለያል። ገመዱ ያረፈበት ማሰሮ የባለገመዱ ነው፣ አለቀ። ግዳጁም የእሱ ነው፤ ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ ማሰሮው እሳት ላይ ሳለ ከጎኑ አይጠፋም፣ ከሁሉም አስቀድሞ ጥርስ የሌለውን ይመግባል። ወንዶቻችን እርጥብ ማሰሮ ሲያዩ መታጠቂያቸውን ሰብሰብ አድርገው የሚያልፉት ለዚህ ነው።

ከኦቶማ በቀር። ኦቶማ የሱናሪ ዋርሳ ነው፤ “ባሌ ሲሞት ያወረሰኝ ይህን እንቅልፋም ነው” ትላለች። አንድ ቀን እሷ ማሰሮዎቿን ከነፋስ ከልላ ፀሐይ ላይ አቁማ ገመዷን ልታመጣ ገባ አለች፤ ኦቶማ ያቺን ሙቅ ጥግ አያት። ተቀመጠ፣ ትልቁን ማሰሮ ተደገፈ፣ አንኮራፋ።

“አንተ የሰው ግንድ! ተነስ!”

ሲነሳ የማሰሮው ጎን እንደ ወገቡ ሰርጉዷል፣ የመታጠቂያው ገመድም ከነቋጠሮው ታትሞበታል። ሱናሪ ልትደልዘው ሞከረች፤ ፀሐይ አጠንክሮታል፣ ቢነካ ይሰነጠቃል። ሌሎቹ ይበቁኛል ብላ ሁሉንም እሳት ውስጥ ከተተች። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል እንዲሉ፣ ሌሎቹ ሁሉ እሳቱ ውስጥ ፈነዱ። ያ ጎባጣ ብቻ ቀይ ሆኖ፣ ሲመቱት እየጮኸ ወጣ።

ኦቶማ ሰው ሰበሰበ። “ገመዱን እዩልኝ! የማን ነው?” አለና ለማስመስከር መታጠቂያውን ፈትቶ ማሰሮው ላይ አሳረፈው። የታጠቀው ቆዳም ወደ መሬት ወረደ። ሴቶቹ ፊታቸውን ሸፈኑ፤ ጣቶቻቸውን ግን ከፈት አድርገው ነበር።

ሽማግሌው ሙሮኬ ዓይኑን ገመዱ ላይ ብቻ ተክሎ፣ “የእሱ ነው፤ ምን ይደረግ!” አለ። “አሁን ታጠቅ፣ ልጄ።”

የሱናሪን ጩኸት ጠበቅን። እሷ ግን ወደ ቤቷ ገባች፤ እኔ የምታለቅስ መስሎኝ አዘንኩ። ከነተቀመጠችበት ቁርበት እናቷን ተሸክማ ወጣችና ኦቶማ ምድጃ አጠገብ አስቀመጠቻት።

“እናቴ፣ ማሰሮው ያውልሽ። ባለቤቱም ያውልሽ።”

የኦቶማ ፊት ሲለዋወጥ ያላየ ምን አየ! ሰውየው መረቁን እንጂ ግዳጁን አላሰበም ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንቅልፍ በዓይኑ አልዞረም። አሮጊቷ እንደሆነች ለሱናሪ ያን ምላስ ያወረሰቻት እሷው ናት።

“ውኃው በዛ። የዓሣውን ጭንቅላት ጨምር። ይሄ ምንድን ነው፣ አጥንት? ልትገድለኝ ነው?”

“እማማ ካሩሚ፣ ትንሽ ልተኛ።”

“እኔ ስሞት ትተኛለህ። አጉርሰኝ!”

መጨረሻ ላይ ሱናሪ እግር ላይ ወደቀ። “እትዬ፣ በሞተው ወንድሜ ይዤሻለሁ፣ ማሰሮሽን ውሰጂልኝ!”

“በተተኮሰ ሸክላ ላይ ገመድ አይታተምም፣ ዋርሳዬ” አለችው፣ ከእብጠቱ የዳነውን መንጋጋዋን እያሻሸች።

በረዶው መጣ፣ ሄደም። ካሩሚ ጉንጯ ሞላ። ኦቶማም በዛጎል እየጨለፈ፣ እፍ እያለ፣ አጥንት በጣቱ እየፈለገ ማጉረስ ለመደ፤ ሌላ ሰው ሲያጎርሳት ካየማ፣ “አቃጠልካት!” እያለ ይቆጣ ጀመር። ወንዙ ሲቀልጥ ያ ጎባጣ ማሰሮ ተሰበረ። ሱናሪ፣ “እሰይ፣ ነፃ ወጣህ፤ በል ሂድና ተኛ” አለችው። እሱ ግን ስብርባሪውን ታቅፎ ተቀመጠ እንጂ አልሄደም።

ዓሣው ዳግመኛ ወንዙን ሽቅብ ሲመጣ ሱናሪ አዲስ ትልቅ ማሰሮ ሠርታ ፀሐይ ላይ አቆመች። ገመዷን ይዛ ስትመለስ ኦቶማ አጠገቡ ተጋድሟል።

“ደግሞ ምን አደረግህ?”

“ወየው፣ እንቅልፍ ጣለኝ፣ እትዬ” አለ፣ ዓይኑን ሳይገልጥ።

ጎንበስ ብላ አየችው። ማሰሮው አልሰረጎደም። የኦቶማ ገመድ ግን ከአፉ እስከ ታቹ፣ ዙሪያውን በሙሉ፣ አንድም ቦታ ሳይዘል ተንከባሎበታል። ሱናሪ ገመዷን ጠቅልላ ወደ ቤቷ ገባች።