የንፋሷ ሪከርድ ሳይሰበር የቀረው ለምንድን ነው?

የሰፈሩ ሰው ሁሉ «ንፋሷ» ይላታል። የክለብ ሯጭ ሳለች፣ በመም ላይ በሚሮጠው ረጅም ርቀት ያስመዘገበችው ሰዓት እስከ ዛሬ አልተነካም። ጉልበቷ ሲከዳት ሆቴል ልብስ አጣቢ ሆና ገባች። ከዚያ ወዲህ ምኞቷ አንድ ብቻ ነበር፤ ሪከርዷን የገዛ ልጇ እንድትሰብርላት።

ልጅቷም የእናቷን እግር ወርሳ፣ ጨምራበትም ነበር የተወለደችው። ጠዋት ጠዋት አብረው ሜዳ ይወርዳሉ፤ እናት ሰዓት ትይዛለች። አንድ ቀን ልጅቷ በልምምድ ላይ የእናቷን ሰዓት አሻሻለችና ንፋሷ እንባዋ በደስታ ዱብ ዱብ አለ። በዚያው ሰሞን ግን «ተመልካች ሰለቸው» ተብሎ ያ ርቀት ከውድድር ተሰረዘ። ልጅቷ ወደ አጭር ርቀት ብትዞርም አልሆነላትም። አሁን እዚያው ሆቴል፣ ከእናቷ ጎን ቆማ አንሶላ ትተኩሳለች።

ባለፈው አንድ የሬዲዮ ጋዜጠኛ ልብስ ማጠቢያው ድረስ መጣ።

«እማማ፣ ሪከርድዎን የሚሰብር እግር እኮ ጠፋ! ምን ይሰማዎታል?»

ንፋሷ ደሟ ፈላ። «እግሩማ ይኸው አጠገብህ ቆሟል። የጠፋው ውድድሩ ነው። ይህን ተናገርልኝ።»

ጋዜጠኛው ቀልድ መስሎት ሳቀ።

«ተይው እማዬ፣» አለች ልጅቷ፣ ከካውያው ቀና ሳትል። «ስምሽ ይቆይልሽ።»

ንፋሷ ከዚህ ይልቅ ብትሰድባት ትመርጥ ነበር።

ፕሮግራሙ ሲተላለፍ ንፋሷ ስለ ውድድሩ መጥፋት የተናገረችው ተቆርጦ ወጥቷል፤ የቀረው «የማትደፈረዋ ንግሥት» የሚለው ሙገሳ ብቻ ነው። የሥራ ባልደረቦቿ ከበው ሲያጨበጭቡላት፣ ልጇ የተጣጠፈውን አንሶላ ተሸክማ ወጣች።